በቀይ ቀለም የተጻፉ ስሞች

ወንዳፈራሁ ደብተሩን በእጁ ሊነካው አልፈለገም። በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ከሰውነቱ አርቆ፣ ከሽመናው ጎጆ እስከ ጓዳ ድረስ አመጣውና ህሊና እግር ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ በሩን ገርበብ አደረገ። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ደግሞ የሰው ዓይን አይለየውም፤ ድንኳኑ አፍ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን አስግገው ሲከተሉት ነበር።

“ከሱፉ ጆንያ ሥር ተወትፎ አገኘሁት” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ለእንግዳ መቀመጫ ላሰፋ ብዬ ዕቃውን ሳነሳሳ። የተማርሽ ነሽና አንቺው እዪው። እኔ ሁለት ስም አንብቤ በቅቶኛል።”

ሟቹ ኪዳነ ወልድ የወንዳፈራሁ ታላቅ ወንድም፣ የህሊና አባት ነው። ከተቀበረ ገና ማግሥቱ ነው። ህሊና ከዓለም ከተማ ተነሥታ ያንን ሁሉ መንገድ ስታለቅስ መጥታ፣ ሞላሌ አጠገብ ካለው የአባቷ ደብር የደረሰችው አፈሩ ሊመለስ ሲል ነበር። ፊቱን ሳታየው ቀረች። አሁን ደግሞ ጽሕፈቱን ልታይ ነው።

ደብተሩን ገለጠችው። የአባቷ እጅ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ፊደሉ እንደ ብራና ጽሕፈት ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ አንድ ስም በቀይ ተጽፏል፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው በጥቁር ነው።

“ኒዲ ኖዲ፦ ራሱ ወዲህ ሲያይ እግሩ ወዲያ ያያል። እየነቀነቀ ይሰበስባል። አንድም እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል።

“ሄክል፦ ጥርሱ ብዙ ነው፤ ጥርሱ ብረት ነው። የገባለትን ጠጉር ሳይመነጭር አይለቅም። አንድም በአደባባይ ሰውን በነገር የሚነክስ።

“ተንተር፦ እርጥቡን በችንካር ወጥሮ ፀሐይ ላይ ያውላል።”

ህሊና ጣቷን ከቀዩ ስም ላይ አነሣች። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ቀይ ቀለም ለምን እንደሚውል ያውቃል። በመጽሐፍ ውስጥ በቀይ የሚጻፈው የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ነው። ሌላው ቀይ የሚወድ ሰው ደጋሚ ነው፤ የሚጠራቸውን መናፍስት ስም ተራ በተራ በቀይ ይጽፋል። የብረት ጥርስ ያለው ቅዱስ ደግሞ ማንም ሰምቶ አያውቅም።

“አየሽ አይደል?” አለ ወንዳፈራሁ። “ነገ ሣልስቱ ነው። ቄስ ይሥሐቅ ይህን ቢሰሙ ስሙን በጸሎት አይጠሩለትም። አማትሽ መሪጌታ መልከ ጼዴቅም ነገ ይገባሉ። ማለዳ ከንፍሮው ድስት ሥር ልማግደውና ይለቅልን።”

እስከ ነገ እኔ ጋ ይቆይ አለችው። ለምን እንዳለች እሷም አላወቀችም። ምናልባት የአባቷ እጅ ያረፈበት ነገር ሌላ ስላልቀረላት ይሆናል።

ወንዳፈራሁ ምስጢር ጠባቂ ነው። ለቄስ ይሥሐቅ ብቻ ነገረ። ለጎረቤቱ ለበዕውቀቱ ብቻ ነገረ። ለሚስቱ ለጌታነሽ ግን አልነገራትም፤ እሷ ቀድማ ሰምታ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ከንፍሮው ጋር ይዞር ጀመር። አንዷ ከሁለት ዓመት በፊት ወተት የነጠፈባትን ላም አስታወሰች። ሌላው ኪዳነ ወልድ ሲሸምን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ እንደነበር፣ መዝሙር ይመስለው እንደነበር፣ አሁን ግን እንጃ አለ። በዕውቀቱ ትከሻው ላይ የደረበው የሱፍ ባና ሟቹ የሠራለት ነበር። ቀስ ብሎ አወለቀው፤ አጣጥፎ አጠገቡ አስቀመጠው። የመንዝ ብርድ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አያውቅምና ጥቂት ቆይቶ አማትቦ መልሶ ደረበው።

ህሊና ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ታያለች። ወደ ድንኳኑ ስትወጣ ወሬው ይቋረጣል፤ “እግዜር ያጥናሽ” ይሏታል፤ ስትመለስ እንደገና ይቀጥላል። ሰዎቹን ልትቆጣቸው ፈለገች። የሚያናድደው ግን እሷም ራሷ መጠራጠሯ ነው። አባቷን አውቀዋለሁ ትላለች፤ ይሁንና ስንት ዓመት ሆናት ከሱ ጋር ተቀምጣ ካወራች?

ልጅ ሳለች የምታውቀው አባቷ ሲናገር ሳቅ የሚያመጣ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ቅኔ ተምሮ ትርጓሜ ቤት ገብቷል። የትርጓሜ ተማሪዎች አንዱን ቃል ከፈቱ በኋላ “አንድም” እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ይደረድራሉ። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ አባቱ ሞተና ትምህርቱን ትቶ ተመለሰ፤ የአባቱን የሽመና ዕቃ ወርሶ ታናሾቹን በሱፍ አሳደገ። ወንዳፈራሁም ያደገው በዚያ ዕቃ ነው፤ ዛሬ የወንድሙን ደብተር በጋቢው ጫፍ ካልሆነ አይነካም እንጂ። “አንድም” ግን ከኪዳነ ወልድ አፍ አልጠፋችም። ወጡ ጨው ሲበዛበት፣ “ጨው ስለ ረከሰ ነው፤ አንድም የሠራችው ልጅ ሐሳቧ ሌላ ጋ ስለ ሆነ ነው” ይል ነበር። ህሊናን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተበጠሰ ክር መቀጠል ያስተማራት ያኔ ነው፤ በሁለት ጣት አጥፎ፣ በአውራ ጣት ጨብጦ፣ በአንድ ትንፋሽ ሳብ። የሱ ቋጠሮ አይፈታም።

ኋላ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ “የቁጢት በጣሽ ልጅ” አሏት። ሸማኔን የሚሰድቡበት ስድብ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው ያሏት፤ ለሷ ግን በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሽመናው ጎጆ ደጃፍ ላይ አልተቀመጠችም። ጎበዝ ተማሪ ሆነች፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች፤ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተመደበች፤ የመሪጌታ መልከ ጼዴቅን ልጅ ታሪኩን አገባች። የካህናት ቤት ነው። አባትሽ ምን ይሠራሉ ሲሏት “ገበሬ ነው” አለች። አንድ የገብስ ማሳ ስለ ነበረው ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ሌላ ነገር አየች። እትዬ ሸዋረግ ከሽመናው ጎጆ ሲወጡ ነጠላቸው ጎናቸው ላይ አብጧል። እትዬ ሸዋረግ ለአባቷ ሱፍ የሚፈትሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው የጎረቤት ሴት ናቸው። ትናንት ከዘመድ ይልቅ አልቅሰዋል፤ ጌታነሽም ይህን ሳታስተውል አልቀረችም፣ አስተውላም ዝም አላለች። ሴትዮዋ የድንኳኑን ጀርባ ዞረው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ህሊና ደብተሩን ቀሚሷ ውስጥ ወትፋ ተከተለቻቸው። አባቷ ከኚህ ሴት ጋር ምን ነበረው? መጽሐፉ የሱ ከሆነ፣ የድግምቱ ዕቃ እሳቸው ጋ ይሆን?

በሩ ክፍት ነው። ገባች፤ እንደምን ዋሉም አላለች።

እትዬ ሸዋረግ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ አንድ የወይራ እንጨት አለ፤ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ከላይም ከታችም አግዳሚ ተበጅቶለታል፤ የላዩ አግዳሚ ወደ ፊት፣ የታችኛው ወደ ጎን። ሴትዮዋ እንባቸውን ሳይጠርጉ የሱፍ ክር እየጠመጠሙበት ነው። በጠመጠሙ ቁጥር እንጨቱ ወዲያና ወዲህ ይነቀነቃል።

“ይሄ ምንድን ነው እትዬ?” አለች ህሊና።

“ኒዲ ኖዲ ነዋ” አሏት፣ ማንኪያ ነዋ እንደሚባለው።

ህሊና እንጨቱን ደግማ አየችው። ራሱ ወዲህ ሲያይ እግሩ ወዲያ ያያል። እየነቀነቀ ይሰበስባል። ከማለዳ ጀምሮ አገር ያንቀጠቀጠው ጋኔን ክር መጠምጠሚያ እንጨት ነው።

ከዚያ እትዬ ሸዋረግ ተረጋግተው ነገሯት። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ሽማግሌ ፈረንጅ ሞላሌ መጥታ ነበር፤ ሸማኔ ናት፤ በሱፍ አሠራር ላይ ሦስት ወር ልታስተምር ከአስተርጓሚ ጋር የመጣች። ለማስተማር ትምጣ እንጂ ግማሹን ቀን ኪዳነ ወልድ ሲያስተምራት ይውል ነበር። እሱ የመንዝን አንድ ቃል ሲሰጣት እሷ የአገሯን አንድ ቃል ትሰጠዋለች፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ፣ ጥንት ምን እንደ ነበር፣ ዛሬ ምን እንደ ሆነ። እሱ ደግሞ ማታ እቤቱ ገብቶ በቁራጭ ወረቀት ይይዘዋል፤ ኋላ ደብተር ገዝቶ በትርጓሜው ወግ ገለበጠው። ይህን እንጨት የጠረበው እሷ በወረቀት ስላ አሳይታው ነው። ዛሬ ወንዳፈራሁ ከማገዶው ጋር ሲጥለው ስላዩ በነጠላቸው ሸፍነው አወጡት።

“እኔንም ጽፎኛል” አሉ እትዬ ሸዋረግ። “ስፒንስተር። ፈታይ ማለት ነው፤ አንድም ባል የሌላት ሴት። ፈረንጆቹ ፈታይን ሁሉ እንዲህ እያሉ ኋላ ቃሉ ላላገባች ሴት ቀረ አለኝ። ሲነግረኝ ስቀን ስቀን ልንሞት።”

“ለምን ነበር የሚጽፈው?”

ሴትዮዋ እጃቸውን ከክሩ ላይ አነሱ። “ላንቺ ነዋ ልጄ። ‘የምታስተምረው ቋንቋ ውስጥ ሸማኔ ሞልቶበታል፤ እሷ ግን አላየችንም’ ይል ነበር። አምና ለፋሲካ ሊሰጥሽ ይዞት ሄዶ አልነበር? ይዞት ተመለሰ። ለምን ስለው ቤቱ እንግዳ በዝቶበት ነበር አለኝ።”

ህሊና ያን ፋሲካ አስታወሰች። አባቷ ዓለም ከተማ መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የታሰረ ፌስታል አለ። መሪጌታ ስለ አዝመራው ጠየቁት። ኪዳነ ወልድ ልጁን አየት አደረገ፤ እሷ ዓይኗን ሰበረች። ያኔ የሱፍ ማቅለሚያ የያዘውን ጣቱን ጋቢው ውስጥ ከቶ ስለ ገብስ አወራ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ገብስ አወራ። ሲሄድ ፌስታሉ አልተፈታም ነበር። ምን እንደ ያዘ አልጠየቀችውም፤ ቶሎ እንዲሄድ ነበር የፈለገችው። አሁን እትዬ ሸዋረግ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ወደ ቤት ተመልሳ ደብተሩን በደንብ አነበበችው። አሁን ስሞቹ እንግሊዝኛ መሆናቸውን ስላወቀች አንዳንዶቹ ይታወቋት ጀመር፤ ሄክል ማበጠሪያ ነው፣ ተንተር የታጠበ ጨርቅ መወጠሪያ። “ኤርሉም፦ ከአባት ለልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው። ሉም በጥንቱ ማናቸውም መሣሪያ ነበር፤ ኋላ ለሽመና ዕቃ ብቻ ቀረ። አንድም የኔ አባት የተወልኝ።” ይህን ቃል አሥራ አንድ ዓመት በክፍል ውስጥ ‘ውርስ ዕቃ’ እያለች አስተምራለች። ውስጡ የሽመና ዕቃ መቀመጡን አንድም ቀን ልብ አላለችም። ገጹን ገለበጠች። “ትረም፦ ሥራው ተቆርጦ ከወረደ በኋላ ዕቃው ላይ የሚቀር የድር ጫፍ ነው። የማይረባ ይመስላል። አንድም የሚመጣው ድር የሚቀጠልበት ነው፤ ችኩል ሸማኔ ቆርጦ ይጥለዋል።”

ቀዩ ቀለምም የማን እንደ ሆነ ገባት። ከሦስት ዓመት በፊት ለገና መጥታ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና ቀይ እስክሪብቶ ለመናት። ለምንህ ነው ስትለው “ለስም” አላት። አንድ እሽግ ሰጠችው።

በሣልስቱ ማለዳ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ከልጃቸው ከታሪኩ ጋር ገቡ። ተቀምጠው አፋቸውን ሳያረጥቡ በዕውቀቱ ጆሯቸው ሥር ደርሷል። ቄስ ይሥሐቅም መጽሐፋቸውን እንደ ዘጉ ተቀምጠዋል፤ አይከፍቱትም፣ አይሄዱም። ወንዳፈራሁ እሳቱ ዳር ቆሞ ህሊናን በዓይኑ ይጠራታል።

“ከጸሎቱ በፊት የሚጣራ ነገር አለ አሉ” አሉ መሪጌታ። “ደብተር አለ አሉ።”

ህሊና ደብተሩን ይዛ ድንኳኑ መሐል ቆመች። ማንበብ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። መጀመሪያ የሚነገር ግን ሌላ ነገር አለ፤ እሱ ካልተነገረ ደብተሩ የጋኔን ደብተር ሆኖ ይቀራል። ባሏን አየችው፤ ታሪኩ ምንም አያውቅም። የተንተርን ትርጉም፣ በችንካር ተወጥሮ ፀሐይ ላይ መዋልን፣ ያኔ በደንብ አወቀችው።

“አባቴ ሸማኔ ነበር” አለች። “ገበሬ ነው ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አፍሬበት ነው። እሱ ሰምቶ ዝም አለልኝ። ይህ የሽመና ዕቃ ስም ነው፤ የእንግሊዞች ነው።”

ታሪኩ አንገቱን ደፋ። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ፤ ደብተሩን ሰጠቻቸው። ዓይናቸው ደክሟልና አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ በዜማ እንደሚያነብ ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ገጽ አነበቡ።

“ቀይ ቀለሙስ? ቀይ ለማን እንደሚጻፍ ሰውየው አያውቅም ነበር?”

“ያውቃል መሪጌታ። እስክሪብቶው የኔ ነው። የተማሪ ፈተና የማርምበት።”

ከሴቶቹ በኩል እትዬ ሸዋረግ ተነሥተው እንጨቱን አቀበሉ። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው ተቀበሉት። አዞሩት፤ ራሱን አዩ፤ እግሩን አዩ። ወደ ደብተሩ ተመለሱና “እየነቀነቀ ይሰበስባል” ብለው አነበቡ። እንጨቱን ነቀነቁት።

“ትርጓሜ የት ነው የተማረው?” አሉ በመጨረሻ።

ነገረቻቸው። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ለምን እንደተመለሰም ነገረቻቸው። ወንዳፈራሁ እሳቱን በእንጨት መቆስቆስ ጀመረ፤ እሳቱ ግን ደህና ይነድ ነበር።

“ያስታውቃል” አሉ መሪጌታ። “አልጨረሰም። እዚህ ጋ ‘አንድም’ ያለው ያለ ቦታው ነው። እዚህም።” ገልጠው ገልጠው መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱና ቆሙ። “ለካ ራሱም ያውቅ ኖሯል። ይኸውና።” ደብተሩን አዙረው ሰጧት።

ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ልታነብ ጀመረችና አቋረጠች። መሪጌታ መልሰው ተቀብለው እሳቸው አነበቡላት፤ “ስሕተቱን ልጄ መምህርት ህሊና ታርመዋለች።”

መስመሩ በሙሉ በጥቁር ነው። ስሟ ብቻ በቀይ ተጽፏል።

ቄስ ይሥሐቅ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መጽሐፋቸውን ከፈቱ። የኪዳነ ወልድ ስም በጸሎቱ ተጠራ፤ አንዴም አይደለም። ሁሉም ሰው አመነ ማለት ግን አይደለም። በዕውቀቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ አላነሳም፤ መሪጌታ እንኳ ሲያስቀምጡት ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት። ባናው ግን ትከሻው ላይ ነበር።

ከምሳ በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ህሊና ወደ ሽመናው ጎጆ ሄደች። ወንዳፈራሁ ቀድሟታል። ቢላ ይዟል። አባቷ የመጨረሻውን ባና ቆርጦ ካወረደ በኋላ ዕቃው ላይ የቀሩትን የድር ጫፎች ሊቆርጥ ጎንበስ ብሏል።

“ቦታ ይዟል” አለ። “ዕቃውን አፍርሼ ጥግ ላስይዘው። ይሄ እንኳ ለምንም አይሆን፣ ቁርጥራጭ ነው።”

“ይተዉት ጋሼ” አለችው።

ዓይኗን አይቶ ቢላውን ከተተ። ከመውጣቱ በፊት ወንድሙ ያሳደገበትን ዕቃ በባዶ እጁ ነካ አደረገው።

ህሊና ጫማዋን አውልቃ፣ ጥቁር ልብሷን ሰብስባ ሸማኔ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ገባች። አባቷ የሚቀመጥበት ቦታ ጎድጉዷል። እትዬ ሸዋረግ ከጠመጠሙት ክር አንድ ጫፍ ይዛ መጥታለች። ከቀሩት የድር ጫፎች አንዱን አነሣች። እጇ ይረሳል ብላ ፈርታ ነበር። በሁለት ጣት አጠፈችው፤ በአውራ ጣቷ ጨበጠችው፤ በአንድ ትንፋሽ ሳበችው። ላልቶ እንደሆነ ደግማ ሳበችው። አልተፈታም። ሁለተኛውን ጫፍ አነሣች።